ቢጫዋ መጋዝ የተፈታች ዕለት

ሳይማ ራውቲዮ ዕድሜዋን ሁሉ በናሴል ሸለቆ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። በሸለቆው ዛሬ ልጅ የሚያሳድገው ጎልማሳ ሁሉ፣ በልጅነቱ ከእሷ ወንበር ኋላ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ሄዷል ማለት ይቻላል። ዝናቡ የማያባራ አገር ነው። ጭጋጉ ከባሕር ሰላጤው ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል፤ ግንድ የጫኑ መኪናዎች በጠባቡ አስፋልት እንደ ደራሽ ውኃ ይወርዳሉ። በዚያ ሁሉ መሐል አንድም ልጅ ጭረት ሳያገኘው ጡረታ ወጣች።

ሰዉ ይህን ሲያነሣ "ጥንቃቄዋ!" ይላል። ጠዋት ሞተር ከማስነሣቷ በፊት አውቶቡሱን ትዞረዋለች፤ ጎማውን በእግሯ ትመታለች፤ የሞተሩን ዘይት ትለካለች። ከዚያ ጥቂት ቆም ትልና እንደገና ትለካለች። ልጆቹ ይቀልዱባታል።

"ሳይማ፣ ዘይቱ አሁንም አለ? ወይስ አይጥ ጠጣው?"

"አይጡስ አንተ ነህ። ተቀመጥ።"

ለምን ሁለቴ እንደምትለካ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባሏ ዴል እንኳ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሣር ማጨጃው ቤንዚን ሲያልቅ ሳይማ ጀሪካኑን አትነካም። ሽታው ራሷን የሚያማት ይመስለው ነበር። እንደዚያ ብሎ ራሱ ገመተ፤ እሷም አላረመችውም።

ነገሩ የጀመረው ገና ኮረዳ ሳለች ነው። አባቷ ኡርሆ ዛፍ ቆራጭ ነበር፤ ያውም ከትልልቅ ኩባንያ ሥር ሳይገባ፣ በአንድ አሮጌ መኪናና በአንዲት ቢጫ የሞተር መጋዝ ራሱን ችሎ የሚያድር። ከፊንላንድ መጥተው እንደ ሰፈሩት የሸለቆው ሰዎች ሁሉ ወሬ አያበዛም። አንድ ቀን ሙሉ ጫካ ውሎ "ተጠንቀቂ" እና "ምሳ" ከሚሉት ሁለት ቃላት በቀር ሳይተነፍስ ሊመለስ ይችላል። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳይማን ይዟት ይወጣል፤ ሽብልቅ ታቀብለዋለች፣ ቅርንጫፍ ትመለምላለች፣ ለመጋዟ ቤንዚን ትቀላቅላለች።

እናቷ ኢምፒ ይህን አልወደደችውም። እሷ ከሰላጤው ዳር፣ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ከቅርፊቱ በሚፈለፈልበት ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። "ልጅቷን ጫካ የምትጎትታት ምን አድርጋህ ነው? ከእኔ ጋር ገብታ ኦይስተር ትፈልፍል" ትለው ነበር። ኡርሆ መጋዟን መኪናው ላይ ይጭናል። ሳይማ ግን ጫካውን ትወድ ነበር፤ የተቆረጠ ጥድ ሽታ፣ የመጋዟን ጩኸት፣ ዛፉ ሊወድቅ ሲል ከላይ የሚሰማውን ስንጥቅጥቅታ።

የእንዲህ ዓይነት መጋዝ ሞተር የራሱ የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባለት። ዘይቱ ከተረሳ ፒስተኑ ደርቆ ይግልና ሲሊንደሩን ነክሶ ይይዛል፤ ሞተሩ እንደ ሮጠ ቀጥ ይላል። የመቀላቀሉ ሥራ የሳይማ ነበር።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ኡርሆ በቁልቁለት ላይ የቆመ ግዙፍ ጥድ ጀመረ። በሚወድቅበት በኩል ፊቱን ቆርጦ፣ ዞሮ ጀርባውን እየቆረጠ ሳለ ቢጫዋ መጋዝ አንዴ ጮኻ ድርግም አለች። ምላሷ፣ ማለት ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበት ረጅሙ ብረት፣ ዛፉ ውስጥ እንደ ተሰካ ቀረ። ግማሽ የተቆረጠ ዛፍ ጥሎ አይሄዱም። ኡርሆ ሽብልቅ ሊመታበት ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ነፋስ ከሰላጤው መጣ። ዛፉ መውደቅ በነበረበት በኩል መውደቁን ትቶ ወደ ኋላ ተቀመጠ፣ ጉቶውን ዘለለና አባቷን ከጉልበቱ በታች ያዘው።

ሳይማ ጮኸች። ከዚያ መጮኹ እንደማይጠቅም ገባትና እስከ መንገዱ ድረስ በእሾኽና በቅጠል መሐል ሮጠች። ግንድ የጫነ መኪና አስቁማ ሾፌሩን ይዛ ተመለሰች። አባቷን አወጡት። እግሩ አልተቆረጠም፤ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀምጣ ነው ጥያቄው የመጣባት። *ዘይቱን ጨምሬ ነበር?*

ጠዋቱን ሁሉ ታስታውሰዋለች። ጀሪካኑን፣ ጭጋጉን፣ የቀዘቀዘ እጇን፣ ከመኪናው ሬዲዮ ይሰማ የነበረውን ዘፈን ሳይቀር። ዘይት ስትጨምር ግን አይታያትም። ጀሪካኑ ከዛፉ ሥር ተጨፍልቋል፤ ሄዶ የሚታይ ነገር የለም። አባቷ ሲነቃ "ሞተሩ ነከሰ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሳይማ ያንን ቃል ይዛ ቤቷ ገባች።

ኢምፒ ባሏን በአልጋው ላይ አስማለችው፤ እሷ በሕይወት እስካለች ያቺ መጋዝ ዳግመኛ እንዳትነሣ። ኡርሆም ማለ። መጋዟ ከዕቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተሰቀለች። እሱ የሰው መጋዝ እየሞረደ፣ የሰው ሰንሰለት እየሳለ ኖረ። ሳይማ በዚያ ዓመት ኮሌጅ ልትሄድ ተቀባይነት አግኝታ ነበር፤ "አባዬን ማን ያግዘዋል?" ብላ ቀረች። የአውቶቡስ ሥራ ተገኘ። ዴልን አገባች፤ ሁለት ልጆች ወለደች፤ አሳደገች። ደስተኛ ሰው ነበረች ቢባል ውሸት አይሆንም። ብቻ አባቷ እግሩን እየጎተተ በግቢው ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ከደረቷ ሥር ይጨመደዳል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን በልቷት ነበር።

ኢምፒ በዕድሜ ጠግባ ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ሁለተኛው መከር ሲገባ፣ ሳይማ ለአባቷ የአጃ ገንፎ ይዛለት ሄደች፤ ቤቱ ከእሷ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ኡርሆ ሰማንያውን አልፏል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑን ሞራ ለብሶታል፣ ቀልዱ ግን አልደከመም። ማንኪያውን አስቀመጠና ድንገት ተናገረ።

"ቢጫዋን ላድሳት ነው።"

ሳይማ ሰሐኑን ልታነሣ የዘረጋችው እጅ ባለበት ቀረ። "ምን ታደርግልሃለች?"

"ትጮኽልኛለች።"

"አባዬ፣ ብሎን እንኳ መያዝ አትችልም እኮ አሁን።"

"ለዚያ ነው የምነግርሽ። እጅ የምታበድሪኝ አንቺ ነሽ። አፉ የእኔ፣ እጁ የአንቺ።"

"እናቴን ምለህላታል።"

"በሕይወት እስካለሽ ነው ያልኳት። ቃሌን ጠብቄአለሁ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "አንድ ጊዜ ልስማት ነው የፈለግኩት" አለ።

ሳይማ "እሺ፣ እናያለን" ብላ ወጣች። ግን አላየችም። ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል፣ ነገ የልጅ ልጅ ይመጣል እያለች ቀን ገፋች። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው የተቃጠለ ፒስተን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ያቺ መጋዝ ከተፈታች፣ እሷ በዚያ ጠዋት ያደረገችውን ወይም ያላደረገችውን አባቷ በአንድ አፍታ ያውቃል።

በመጨረሻ ዴል ነገራት። "አባትሽ ዛሬም ጠየቀኝ። 'ልጄ ተቀይማኛለች ወይ?' አለኝ።"

"ዝናቡ ይለፍ ብዬ ነው።"

"ሳይማ፣ እዚህ አገር ዝናብ የሚያልፈው መቃብር ስንገባ ነው። ሽማግሌው አይቆይልሽም።"

ይህ ቃል ገፋት። በማግስቱ የሥራ ጓንቷን አደረገችና ዕቃ ቤቱን ከፈተች።

መጋዟን ከአግዳሚው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ቢጫ ቀለሟ በአቧራና በሸረሪት ድር ሥር አለ። ኡርሆ ደንዳናውን እግሩን ዘርግቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ አንገቱን ሰገግ አድርጎ በጆሮው ይሠራ ጀመር።

"መጀመሪያ ማርሚታዋን ፍቺ። ሁለት ብሎን ነው። አንደኛው ያስቸግርሻል፤ ሁልጊዜም አመለኛ ነበር።"

ብሎኑ እውነትም አስቸገረ፤ ከዚያ ተፈታ። የጭስ ማፈኛው ማርሚታ ሲነሣ ጭስ መውጫው ቀዳዳ ተገለጠ። በዚያ ቀዳዳ የፒስተኑ ፊት ይታያል።

"ባትሪ አብሪበትና ንገሪኝ። ዓይኔ ለእኔ አይሠራልኝም" አለ ኡርሆ። "ዘይት ያጣ ፒስተን መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ጋ ነው፤ በእሳቱ በኩል። ቆዳው እንደ ተገሸለጠ ድንች ይሆናል። ምን ይታይሻል?"

ሳይማ ባትሪውን ያዘች። ልትዋሽ የምትችልበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ አባቷ አያይም። "ዝገት ነው" ብላ ብትዘጋው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጎንበስ ብላ ተመለከተች።

ፒስተኑ ንጹሕ ነበር። ከተሠራበት ማሽን የቀሩት ቀጫጭን መስመሮች እንኳ አልጠፉም።

"ምንም የለውም" አለች። ድምጿ የእሷ አልመሰላትም።

"ምንም?"

"ለስላሳ ነው። መስመሮቹ ይታያሉ።"

ኡርሆ አገጩን አከከ። "እንግዲህ የነከሳት ሌላ ነገር ነው። እስክትፈታ አይታወቅም።"

ሲሊንደሩ ግን አልላቀቅም አለ። ናፍጣ አጠጥተው በጨርቅ ጠቅልለው ተዉት። ለሳይማ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከአደጋው ወዲህ ካለፈው አርባ ዓመት ይልቅ ረዘሙባት። ፍርሃቱን ለምዳው ነበር፤ ይህ አዲስ የመጣው ተስፋ ነው ያስቸገራት። ዕቃ ታጥባ መልሳ ታጥባለች። ዴል ሲያናግራት "እ?" ትላለች። ሌላ ቦታ ቢሆንስ የተላጠው? በሌላ በኩል ቢሆንስ?

ቅዳሜ ጠዋት ተመለሱ። ሳይማ እንጨት ደግፋ በመዶሻ ቀስ እያለች መታች። ሲሊንደሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ከዚያ ጨርሶ ወጣና እጇ ላይ ቀረ። አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጠብ ብሎ ተንከባለለ።

"ምንድን ነው የወደቀው?" አለ ኡርሆ። ዓይኑ እንጂ ጆሮው አልደከመም።

ሳይማ አነሣችው። ከጥፍር የማይበልጥ፣ ጎበጥ ያለ የሽቦ ስባሪ ነው። "ሽቦ ነው። ግማሽ ቀለበት።"

"አምጪው እስቲ።" በጣቶቹ አገላበጠው። "አሃ! ይህቺ ናት ለካ! ፒስተኑን ከሚገፋው ዘንግ፣ ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘው ፒን እንዳይወጣ ከጎንና ከጎን የሚይዙት ቀለበቶች አሉ። አንደኛው ተሰብሮ ወጥቶ ነው። እስቲ ሲሊንደሩን ከጎኑ ዳስሺው።"

ጣቷን ከተተች። ከላይ እስከ ታች በማረሻ የታረሰ የመሰለ አንድ ጥልቅ ቦይ አለ፤ በአንድ ጎን ብቻ። የቀረው ሁሉ እንደ መስተዋት ነው።

"ስባሪው በመሐል ገብቶ ነው ቀርቅሮ የያዛት" አለ ኡርሆ። "ብረት ነው፤ ይደክማል፣ ይሰበራል። አሁን ደግሞ ከታች ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ንኪው። ደረቅ ነው ወይስ ሌላ?"

ሳይማ ጓንቷን አውልቃ ነካችው። ጣቷ እንደ ማር በወፈረ፣ ቡናማ ነገር ተለውሶ ወጣ። አሸተተችው። ዘይት ነበር። ቤንዚኑ ተኖ አልቆ፣ በዚያ ጠዋት የገባው ዘይት እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

ጣቷን እያየች ግንድ መፍለጫው ጉቶ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ማልቀስ መጣባት፣ ሁለቱን መለየት አቃታት።

"ምን ሆነሽ ነው? ተቆረጥሽ እንዴ?" ኡርሆ ከርጩማው ሊነሣ ሞከረ።

"አልተቆረጥኩም። አባዬ፣ ዘይት አለው።"

"ታዲያ ምን ሊኖረው ኖሯል? ወተት?"

"ረስቼው መስሎኝ ነበር" አለች። "ያን ዕለት ዘይቱን ሳልጨምር የቀረሁ መስሎኝ ነበር። እኔ የሰበርኩህ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።"

ኡርሆ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

"አንቺ ልጅ" አለ በመጨረሻ፣ "ስትጨምሪ አይቼሻለሁ እኮ።"

"ምን?"

"በዓይኔ አይቼሻለሁ! ሽብልቆቹን እያወረድኩ ነበር። ዘይቱ ጓንትሽ ላይ ፈሰሰብሽና ተሳደብሽ። ያንን ስድብ ከማን እንደ ተማርሽው ሳስብ ነው ዛፉ ድረስ የወጣሁት። ለእናትሽ እንዳትደግሚው ፈርቼ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን ልንገርሽ? መች ጠየቅሽኝ?"

"አንተስ? መጋዟን ባየሁ ቁጥር ፊቴን ሳዞር ታየኝ አልነበር?"

"የምትፈሪያት መስሎኝ ነዋ። ሴት ልጄን ጫካ ወስጄ አስደነገጥኳት፣ እናቷ ልክ ነበረች ብዬ ነው እኔም ያልተነፈስኩት።" ኡርሆ ራሱን ነቀነቀ። "ኮሌጁንም የተውሽው ለዚህ ነበር?"

ሳይማ ማበሻ ጨርቅ አንሥታ ፊቷን ጠረገች፤ ጨርቁ ግን የሞተር ነበርና ጉንጯን ጥቁር አደረገው። አባቷ በደበዘዘ ዓይኑ ሳይቀር ያ ጥቁረት ታየው።

"ነይ ወዲህ" አለ። በሁለት እጆቹ ራሷን ይዞ ግንባሯን ሳመ። እንደዚያ ካደረገ ብዙ ዘመኑ ነው። "ነይ፣ ቡና እንጠጣና ዕቃ ወደ መፈለግ እንሂድ። ይህ ሲሊንደር አልቆለታል።"

በዚያ ማታ ሳይማ ለዴል ሁሉንም ነገረችው። ዴል ሰምቶ ሲያበቃ አቀፋት። ቆይቶም "እኔ እኮ ሽታው የሚያምሽ መስሎኝ፣ ጋራዡ ውስጥ እየተደበቅኩ ነበር የምቀላቅለው" አላት። እንዲያ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም።

ቢጫዋ መጋዝ መሠራት ካቆመች ዘመን አልፏታል። የሚያስፈልጋቸው በጊዜው ተሠርቶ፣ ሳይሸጥ፣ ከነካርቶኑ የሆነ መደርደሪያ ላይ የቀረ ዕቃ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ሬይመንድ ከተማ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ኦርቫል ፔንጊሊ። የመጋዝ ሱቃቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ዕቃውን ግን ወደ ቤታቸው ጭነው መኝታ ቤት ሳይቀር ሞልተውታል። በክፉ አመላቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ከሩቅ ከተማ የመጡ ሰብሳቢዎችን ከበር መልሰዋል።

ሳይማ በሩን ስታንኳኳ የመዝጊያ መረቡን ሳይከፍቱ አዩዋት።

"ማነሽ?"

"የኡርሆ ራውቲዮ ልጅ ነኝ። ለቢጫዋ መጋዝ ሲሊንደርና ፒስተን ፈልጌ ነበር። ከእርስዎ በቀር የሚኖረው ሰው የለም አሉኝ።"

"ኡርሆ አልሞተም እንዴ?"

"እስካሁን አልተመቸውም።"

ሽማግሌው በአፍንጫቸው ሳቁ። ግን አልከፈቱም። "ግድግዳ ላይ ልትሰቅሏት ነው አይደል? ቀለም ቀብታችሁ፣ ሳሎን ልታስጌጡባት። ለጌጥ ዕቃ አልሰጥም። ጌጥ የሚፈልግ አበባ ይግዛ።"

"ልናስጮኻት ነው። እንጨት ልንቆርጥባት።"

"ማን ነው የሚያስነሣት? ኡርሆ? በዚያ እግሩ?"

"እኔ ነኝ።"

ኦርቫል ለጥቂት ጊዜ እጇን ተመለከቱ። ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር ገና አልለቀቀም ነበር። መረቡን ከፈቱ።

አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ አንድ ካርቶን ጎተቱ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ውስጡ ግን በሰም ወረቀት የተጠቀለለው ሲሊንደር ከነግራሶው ተኝቷል፤ ወረቀቱን ሲገልጡት እንደ ትናንት ሥራ አብለጨለጨ። ፒስተኑ፣ ፒስተኑን የሚከቡት ፋሻዎች፣ ፒኑ፣ ሁለቱ የሽቦ ቀለበቶች፤ ሁሉም የሰው እጅ ሳይነካቸው ኖረዋል።

"ስትጮኽ ልስማት፤ ሌላ አልፈልግም" አሉ ኦርቫል። ከዚያ ጥቂት አሰቡና "ሳልሞን ዓሣ ታጨሳላችሁ?" ብለው ጨመሩ።

"ባሌ ያጨሳል።"

"እንግዲያው ልስማት፣ ልብላም።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስታ ነበር። ሳይማ ራሷ ተገረመች፤ ያ ያመልጥ የነበረ እግሯ አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ዕቃ ቤቱ ይቸኩላል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው፣ በብረቶቹ መሐል የሚገባው ጓርኒሲዮን እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረ፤ እሷም ወረቀት ብረቱ ላይ አንጥፋ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ እየነካካች ሌላ ቆረጠች። ካርቡራቶሩን ፈትታ አጠበች። የጎማ ቧንቧዎቹን ለወጠች። ትንንሾቹን የሽቦ ቀለበቶች የምታስገባበት ቀን ሲደርስ እጇን በጨርቅ ደጋግማ ጠረገች።

"ሞተሩ አፍ ላይ ጨርቅ ወትፊ" አለ ኡርሆ። "ቀለበቷ ብታመልጥ እዚያ እንዳትገባ። አዎ። አሁን ግፊያት። የቀለበቷ አፍ ወደ ታች ይሁን። ጥ ብላለች?"

"ጥ ብላለች።"

"ሌላኛዋስ?"

"እሷም።"

"በካቻቪቴ ነካ ነካ አድርጊያት፤ ካልወጣች ልጄ ነሽ።"

"ብትወጣስ?"

"የእናትሽ ልጅ ትሆኛለሽ።"

የማስነሻው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ዴል ኦርቫልን ከሬይመንድ አመጣቸው፤ ከኡርሆ ጎን በታጣፊ ወንበር፣ ብርድ ልብስ ጭነው ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለብዙ ዘመን አልተያዩም ነበር።

"አርጅተሃል" አሉ ኦርቫል።

"አንተ ቀድሞም አታምርም ነበር" አለ ኡርሆ። በዚህ ሰላምታው አለቀ።

ሳይማ ባዶ ጀሪካን አምጥታ ቤንዚን ቀዳችበት። ሰዉ ሁሉ እያያት ዘይቱን ጨመረች። ጀሪካኑን ከደነች፤ ቆም ብላ አሰበች፤ ከፈተችና ትንሽ ደግማ ጨመረች። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ዘይት ቢበዛበት ይወዳል ብላ ለራሷ ነገረችው።

መጋዟን መሬት ላይ አድርጋ፣ እጀታዋን በጫማዋ ረግጣ፣ ገመዱን ሳበች። ዝም። ደግማ ሳበች። አንዴ አሳለችና ዝም።

"ቤንዚን ጠጥታለች" አሉ ኦርቫል። "አየር መዝጊያውን መልሺው።"

"እሱን ነው ልላት የነበረው" አለ ኡርሆ።

"ታዲያ ማን ከለከለህ?"

ሳይማ መለሰችው፣ ትንፋሽ ሰበሰበችና ሳበች። ቢጫዋ አንዴ፣ ሁለቴ ነጎደችና ተነሣች። ጩኸቱ የዕቃ ቤቱን መስኮቶች አርገፈገፈ። ሰማያዊ ጭስ እንደ ጭጋግ ግቢውን ሞላው፤ ሽማግሌዎቹ ከነወንበራቸው ጠፉ። ከጭሱ መሐል የኦርቫል ሳል ተሰማ።

"ሰው በላች! ስንት ዘይት ነው የጨመርሽባት?"

"በቂ!" ብላ ጮኸች ሳይማ።

ጭሱ ሳሳ። ኡርሆ ወንበሩ ላይ አልነበረም። በከዘራው ቆሟል፤ ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል። አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ የሚወደውን ሰው ወሬ እንደሚሰማ ሆኖ ያዳምጥ ነበር። በከዘራው ወደ ተጋደመው ግንድ አመለከታት።

ሳይማ መጋዟን አንሥታ ግንዱ ላይ አሳረፈቻት። ነጭ የእንጨት ብናኝ ጫማዋን ሸፈነ። የጥድ ሽታ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ መጣ። የመጀመሪያው ቁራጭ ወድቆ ተንከባለለ፣ ሁለተኛውም። ሲበቃት አጠፋቻት። ጸጥታው ውስጥ የዝናብ ጠብታ ከጣሪያው ሲወርድ ይሰማል። ደረቷ ባዶ ነው፣ ቀሏታል። እዚያ የነበረውን ነገር ፈለገችው፤ አላገኘችውም።

"ሳትቆርጥ ስትዞር ፍጥነቷን ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ማስተካከል አለብሽ" አሉ ኦርቫል። "ካርቡራቶሩ ላይ ያለውን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ግራ። አይ፣ ከሩብም አነስ ይበል።"

"ትበላለህ ወይስ ታስተምራለህ?" አለ ኡርሆ።

"ሁለቱንም እችላለሁ።"

ዴል በጭስ ያበሰለውን ሳልሞን፣ የአጃ ዳቦና ቅቤ አወጣ። ኦርቫል ሦስት ሰው የሚችለውን በሉ፤ ለነገም ጠቅልሉልኝ አሉ። ከምግብ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ሞቱ ቆራጮችና ስለ ሞቱ መጋዞች ሲያወሩ ዋሉ። ኡርሆ በሕይወቱ ሙሉ ያልተናገረውን ያህል በዚያ ከሰዓት ተናገረ።

ሲመሽ ኦርቫልን የመለሰቻቸው ሳይማ ናት። ከከተማው መታጠፊያ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ የሳልሞኑን ጥቅልል በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ባሕሩ ሸሽቶ ሰላጤው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ወፎች ይለቅሙበታል። ሳይማ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀጉሯን ዓይኗ ውስጥ ይነሰንስባታል። አልዘጋችውም።